ትልልቅ የእሳት እራቶችን ከእንፍራንዝ እስከ ዘጌ ለይቶ ማወቂያ መመሪያ

የእንፍራንዝ ወንዝ በደንገል የተሸፈነውን ረግረግ አቋርጦ ወደ ጣና በሚገባበት የሐይቁ ደቡባዊ ዳርቻና ከዚያ አለፍ ብሎ ባለው የዘጌ ልሳነ ምድር፣ ክንፋቸው ሲዘረጋ የሰው መዳፍ የሚያክሉ የእሳት እራቶች በዝናብ ወራት ወደ መብራት ይመጣሉ። ተማሪዎች፣ አስጎብኚዎች፣ ንብ አናቢዎችና ፎቶግራፍ አንሺዎች ስማቸውን ለማወቅ በሚያደርጉት ጥረት የሚገጥማቸው ችግር ተመሳሳይ ሲሆን፣ ምንጩም አብዛኛውን ጊዜ የሥራው ቅደም ተከተል መገልበጡ ነው፤ በመጀመሪያ በስልክ ላይ ተመሳሳይ ምስል ይፈለጋል፣ ከዚያ ስሙ ይወሰዳል፣ መረጃው ግን ሳይሰበሰብ እራቱ በርሮ ይሄዳል። በዚህ መመሪያ የተቀመጡት ደረጃዎች መረጃውን አስቀድመው ስሙን የሚያስከትሉ በመሆናቸው፣ በቅደም ተከተላቸው እንዲፈጸሙ ይመከራል።

የሐሩር ዝናባማ ደን የሚለው መጠሪያ በኢትዮጵያ በተለይ የሚስማማው በደቡብ ምዕራብ ለሚገኙት ለካፋ፣ ለሸካና ለያዩ ደኖች፣ እንዲሁም በባሌ ለሚገኘው ለሐረና ደን ነው። የጣና ዳርቻ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ፣ ረጅም ደረቅ ወቅት ያለው አካባቢ ሲሆን፣ ደኑ የቆየው በአመዛኙ በገዳማትና በአብያተ ክርስቲያናት ጥበቃ ነው። ደረጃዎቹ ለሁለቱም ዓይነት ደን ያገለግላሉ፤ ሆኖም ለኮንጎ ወይም ለካፋ ደን የተዘጋጀ የዝርያ ዝርዝር ለዘጌ እንዳለ ሊወሰድ አይገባውም።

1. ሌሊቱንና ቦታውን መምረጥ

የእሳት እራት ከዕድሜው አብዛኛውን የሚያሳልፈው በአባጨጓሬነትና በሙሽሬነት ነው። ሙሽሬ የሚባለው አባጨጓሬው መብላት አቁሞና ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ ክንፍ ወዳለው ጉልምስ የሚለወጥበት የዕድገት ደረጃ ነው። ደረቅ ወቅት ባለባቸው አገሮች ብዙ ትልልቅ ዝርያዎች በሙሽሬነት ቆይተው ዝናቡ ምድሩን ሲያርሰው ስለሚወጡ፣ ለፍለጋ ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሰኔ ያለው ጊዜና ዝናቡ የሚቀንስበት መስከረም ይመረጣሉ። ጨረቃ የሌለችበት ወይም በደመና የተሸፈነችበት፣ ሞቅ ያለና ነፋስ የሌለበት ሌሊት የተሻለ ነው፤ የጨረቃ ብርሃን ሲበረታ ወደ መብራት የሚመጡት እራቶች ይቀንሳሉ።

መብራቱ የሚተከለው ደኑ ከግልጽ ቦታ ጋር በሚዋሰንበት ጠርዝ ላይ ቢሆን ይመረጣል፤ ጥቅጥቅ ባለው ደን ውስጥ ብርሃኑ በቅጠል ይጋረዳልና። በእንፍራንዝ ዙሪያ የተስፋፋው የጫት ማሳ የተባይ መድኃኒት ሊረጭበት ስለሚችል፣ ባሕር ዛፍ ብቻ የተተከለበት ቦታም ለአባጨጓሬዎች የሚሆን አገር በቀል ዛፍ ስለማይኖረው ለዚህ ሥራ አይመከሩም። የንብ ቀፎ ባለበት አቅራቢያም መብራት መትከል ንቦቹን ስለሚያውክ ሊቀር ይገባል።

ከውኃው ዳር መራቅ ግዴታ ነው፤ ጉማሬ ሌሊት ከሐይቁ ወጥቶ ሣር ስለሚግጥ በሣሩና በውኃው መካከል መገኘት ለሕይወት ያሰጋል። አካባቢው የወባ በመሆኑ ረጅም እጅጌና ረጅም ሱሪ፣ እንዲሁም ትንኝ የሚያርቅ ቅባት ያስፈልጋል። በዘጌም ሆነ በሌላ የቤተ ክርስቲያን ደን ሌሊት መብራት ከማብራት በፊት ለገዳሙ አስተዳዳሪና ለቀበሌው አስተዳደር አስቀድሞ ማሳወቅ ተገቢ ነው፤ ያልተነገረለት የሌሊት ብርሃን በአካባቢው ሰው ዘንድ ስጋት ይፈጥራል። የጸጥታው ሁኔታ የሌሊት እንቅስቃሴን በማይፈቅድበት ጊዜ ደግሞ የነዳጅ ማደያዎችን፣ የሆቴሎችንና የትምህርት ቤቶችን በር መብራት ያደረበትን ግድግዳ ጎሕ ሲቀድ መመልከት በቂ ውጤት ይሰጣል፤ ትልልቆቹ እራቶች ቀን በዚያው ግድግዳ ላይ ሳይንቀሳቀሱ ይውላሉና።

2. መብራቱንና አቡጀዲውን ማዘጋጀት

የሚያስፈልገው ዋና መሣሪያ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ ነጭ አቡጀዲ ሲሆን፣ በሁለት እንጨቶች መካከል ተወጥሮ ይታሰራል። ትልልቆቹ እራቶች ጨርቁን መትተው መሬት ላይ ስለሚወድቁ ሁለተኛ አቡጀዲ ከሥሩ ይነጠፋል፤ ይህ ካልተደረገ ወድቀው ሣር ውስጥ የሚርመሰመሱት ይረገጣሉ። ለመብራት ባለ 125 ዋት የሜርኩሪ አምፖል ከጄኔሬተር ጋር ወይም በተንቀሳቃሽ ባትሪ የሚሠራ የአልትራቫዮሌት ኤልኢዲ መብራት ያገለግላል። አልትራቫዮሌት ማለት የሰው ዓይን የማያየው፣ ነፍሳት ግን አጥርተው የሚያዩት የብርሃን ዓይነት ነው። ይህ ብርሃን ዓይንን ስለሚጎዳ በቀጥታ መመልከት አይገባም። የጋለ የሜርኩሪ አምፖል ደግሞ የዝናብ ጠብታ ሲነካው ሊፈነዳ ስለሚችል፣ በሰኔ ሌሊት ያለ መጠለያ ማብራት ደጋግሞ የሚታይ አደገኛ ስሕተት ነው።

ብዙ ሰዎች ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን መብራቱን አጥፍተው ይሄዳሉ፤ ነገር ግን ከትልልቆቹ መካከል ብዙዎቹ ወንዶች የሚበርሩት ከእኩለ ሌሊት በኋላ በመሆኑ በዚህ ሰዓት የሚያቆም ሰው የሚፈልጋቸውን ሳያይ ይመለሳል። ሊነጋጋ ሲል መብራቱን አጥፍቶ አቡጀዲው ላይ የቀሩትን በቀስታ ወደ ቁጥቋጦ ማዛወር አስፈላጊ ነው። ይህ ካልተደረገ ወፎች ማልደው መጥተው ጨርቁ ላይ ያሉትን ይለቅሟቸዋል፤ አንዲት ሴት እራት ከነእንቁላሏ መበላቷ ደግሞ ለትንሽ የቤተ ክርስቲያን ደን ቀላል ጉዳት አይደለም።

3. ሳይነኩ ማንሣትና መለካት

ክንፉን በጣት መያዝ አይገባም፤ ቀለሙን የያዙት ጥቃቅን ቅርፊቶች እንደ ብናኝ ስለሚረግፉ መለያ ምልክቱ ይጠፋል፣ እራቱም ይጎዳል። በምትኩ ቀጭን እንጨት ከፊት እግሮቹ ሥር ቢቀርብለት ራሱ ይወጣበታል። ለመብረር ሲሰናዳ ጡንቻውን ለማሞቅ ክንፉን ያርገበግባል፤ በዚህ ጊዜ ፎቶግራፍ ለማንሣት መሞከር ደብዛዛ ምስል ከማትረፍ በቀር ስለማይጠቅም ረጋ እስኪል መጠበቅ ይሻላል።

ቢያንስ አራት ምስሎች ያስፈልጋሉ፤ ከላይ በቀጥታ፣ ከጎን፣ ከፊት አንቴናውን የሚያሳይ፣ እንዲሁም የክንፉን የታችኛውን ገጽ የሚያሳይ። አንቴና ማለት እራቱ ሽታ የሚለይበት፣ ከራሱ ላይ የሚወጣው ጥንድ የስሜት አካል ነው። ብዙውን ጊዜ የሚዘነጋው የታችኛው ገጽ ሲሆን፣ እርስ በርስ የሚመሳሰሉ ዝርያዎችን የሚለየው ምልክት በዚያ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የኋላ ክንፉ በፊተኛው ከተሸፈነ የፊተኛውን ጠርዝ በለስላሳ ብሩሽ ወደ ፊት ገፋ ማድረግ ይቻላል።

ለመለካት ማስመሪያ ከእራቱ ጎን፣ ክንፉ ባረፈበት ከፍታ ይቀመጣል። የተዘረጋ ክንፍ ስፋት እንደ አቀማመጡ ስለሚለዋወጥ፣ የፊት ክንፍን ርዝመት ከደረቱ መጋጠሚያ እስከ ጫፉ መለካት የበለጠ አስተማማኝ ነው። በመዝገቡ ላይ የተለካው የትኛው እንደሆነ ካልተጻፈ ቁጥሩን ሌላ ሰው ሊጠቀምበት አይችልም።

4. ቤተሰቡን መለየት

ቤተሰብ በሥነ ሕይወት አመዳደብ የሚቀራረቡ ወገኖች የሚሰበሰቡበት ደረጃ ሲሆን፣ ወገን ደግሞ የሚቀራረቡ ዝርያዎችን ይይዛል። ሳይንሳዊ ስም በሁለት ቃል የሚጻፈው የመጀመሪያው ወገኑን ስለሚገልጽና ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር ዝርያውን ስለሚያመለክት ነው። ከቤተሰብ መጀመር ያስፈለገው ከሺዎች የሚቆጠሩ ስሞችን በአንድ ውሳኔ ወደ ጥቂት ስለሚያወርድና ቤተሰቡን የተሳሳተ ሰው ከዚያ በኋላ የሚያደርገው ሁሉ ከንቱ ስለሚሆን ነው።

በመጀመሪያ ከቢራቢሮ ይለዩ። የቢራቢሮ አንቴና ቀጭን ሆኖ ጫፉ ላይ ይወፍራል፤ የእሳት እራት ግን እንደ ክር የቀጠነ ወይም እንደ ላባ የተበጠረ አንቴና አለው።

ሳተርኒዴ የሚባለው ቤተሰብ ሰፊ ክንፍ፣ ጸጉራም ሰውነትና በተለይ በወንዱ ላይ ሰፊ ላባ መሰል አንቴና ያላቸውን ይይዛል። በክንፋቸው ላይ ዓይን የሚመስል ክብ ምልክት ወይም ቅርፊት አልባ ሆኖ ብርሃን የሚያሳልፍ መስኮት ይታያል። ጉልምሶቹ የሚሠራ አፍ ስለሌላቸው ምንም ሳይበሉ፣ በአባጨጓሬነት ባከማቹት ስብ አንድ ሳምንት ገደማ ይኖራሉ፤ ስለዚህ አበባ ሲመጥ ወይም የበሰበሰ ፍሬ ላይ ተቀምጦ የተገኘ ትልቅ እራት ሳተርኒዴ አይደለም።

ስፊንጊዴ ወፍራምና ሁለቱ ጫፎቹ የሾሉ ሰውነት፣ ጠባብና ረጅም የፊት ክንፍ፣ ከዚያ በጣም የሚያንስ የኋላ ክንፍ አላቸው። በፍጥነት የሚበርሩ ሲሆኑ ብዙዎቹ አበባ ፊት በአየር ላይ ቆመው ይመጥጣሉ፤ የመምጠጫ ቱቧቸውም ሥራ በማይኖረው ጊዜ ከራሳቸው ሥር ተጠቅልሎ ይቀመጣል።

ኤሬቢዴ በጣም ሰፊ ቤተሰብ ሲሆን፣ በዚህ አካባቢ ለማሳሳት የሚቀርበው ሲሊግራማ ላቶና የተባለው ዝርያ ነው። ይህ ቡናማ እራት ክንፉን ዘርግቶ በጨለማ ጥግ፣ በገደል ሥርና በቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ በፊት ክንፉ ላይ ትልቅ ዓይነ መሰል ምልክት ስላለው ብዙዎች ሳተርኒዴ ይሉታል። ነገር ግን አንቴናው ክር መሰል ነው፣ የመምጠጫ ቱቦም አለው። ዓይነ መሰል ምልክት ብቻውን የቤተሰብ ማስረጃ እንደማይሆን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ላሲዮካምፒዴ ደግሞ ጸጉራም፣ አብዛኛውን ጊዜ ቡናማ ሆነው ክንፋቸውን እንደ ቤት ጣሪያ አዘቅዝቀው የሚያርፉ ሲሆኑ፣ ዓይነ መሰል ምልክትም ሆነ መስኮት የላቸውም። የአባጨጓሬዎቻቸው ጸጉር ቆዳን ስለሚያሳክክ በባዶ እጅ መንካት አይገባም።

5. ወደ ወገንና ዝርያ መውረድ

ከስፊንጊዴ መካከል በጣና ዳር ከሁሉ በላይ የሚያሻሙት ሁለቱ የእርሻ ማሳ እራቶች ናቸው። አኬሮንቲያ አትሮፖስ ከ9 እስከ 13 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ የክንፍ ስፋት ያለው፣ በደረቱ ጀርባ ላይ የሰው ራስ ቅል የሚመስል ምልክት የያዘ፣ የኋላ ክንፉና የሆዱ ጎኖች ቢጫ የሆኑ ዝርያ ነው፤ ሲነካም ጭርጭር የሚል ድምፅ ያሰማል። አግሪየስ ኮንቮልቩሊ በመጠን ይቀራረበዋል፤ ሆኖም ግራጫ ነው፣ በሆዱ ጎንና ጎን ላይ ሮዝና ጥቁር ቀለበቶች አሉት፣ የመምጠጫ ቱቦውም ከሰውነቱ ይረዝማል። ቀለሙ ቢጫ ወይስ ሮዝ የሚለው ጥያቄ ብቻ ሁለቱን ለመለየት ይበቃል። የመጀመሪያው አጭርና ጠንካራ ቱቦ ስላለው የማር እንጀራውን ሰም በስቶ ማር ይመጥጣል፤ ስለዚህ ንብ አናቢ በቀፎ ውስጥ ትልቅ እራት ሲያገኝ መጀመሪያ ሊያስብ የሚገባው እርሱን ነው። አባጨጓሬው የድንችን ቅጠል ይበላል፤ የአግሪየስ አባጨጓሬ ደግሞ ስኳር ድንችና ዘመዶቹ ላይ ይገኛል። ሁለቱም በጭራቸው ላይ ቀንድ ያላቸው ቢሆንም ሰውን አይናደፉም፤ ስለዚህ በፍርሃት ሊገደሉ አይገባም።

ከሳተርኒዴ ጎልቶ የሚታየው ቡኔያ አልሲኖይ ሲሆን፣ የክንፉ ስፋት እስከ 16 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ክንፉ ቀይ ቡናማ ሆኖ ነጣ ያለ መቀነት ያለው ሲሆን፣ በኋላ ክንፉ ላይ ጥቁርና ነጭ ቀለበት የከበበው ብርቱካንማ ዓይነ መሰል ምልክት አለው። የቀለሙ ድምቀት ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚለያይ በቀለም ብቻ መወሰን ያሳስታል፤ የዓይነ መሰሉን ምልክት ቀለበቶች ቅደም ተከተል መመዝገብ የተሻለ ነው። የቅርብ ዘመዶቹ የሆኑ ሌሎች ወገኖች ተመሳሳይ ምልክት ስላላቸው፣ ቀለበቶቹ በግልጽ የማይታዩበት ፎቶግራፍ ከቤተሰብ ስም በላይ ሊሰጠው አይገባም።

ኤፒፎራ የተባለው ወገን በአራቱም ክንፎቹ ላይ ብርሃን የሚያሳልፉ መስኮቶች አሉት። ይህን ወገን ለሐር ምርት ሲባል ወደ ኢትዮጵያ ከገባው ሳሚያ ሪሲኒ ጋር ማምታታት ይቻላል። ሳሚያ ሪሲኒ የጉሎ ቅጠል እየተመገበ የሚረባ፣ የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከልም ምርምር ያደረገበት የሐር ትል ጉልምስ ነው። ልዩነቱ በመስኮቱ ቅርጽ ላይ ነው፤ የሳሚያ መስኮት እንደ ማጭድ ቀጭንና የተቆለመመ ሲሆን፣ የኤፒፎራ ወደ ክብ ወይም ወደ ሦስት ማዕዘን ያደላል። ሰው ያራባው ሳሚያ በደንብ ስለማይበርር ከማራቢያ ቤት ርቆ መገኘቱም አጠራጣሪ ነው።

በስልክ ፍለጋ የሚመጣው ትልቁ ስሕተት የሌላ አህጉር ስም መውሰድ ነው። አታከስ አትላስ፣ እስከ 24 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋው የደቡብና የደቡብ ምሥራቅ እስያ እራት፣ በአፍሪካ የለም፤ ረጅም ጭራ ያለው ትልቁ ቢጫ እራት አርጌማ ሚትሬም በማዳጋስካር ብቻ ይኖራል። አንድ ስም ከመጻፉ በፊት ዝርያው በአፍሪካ፣ ቀጥሎም በኢትዮጵያ መመዝገቡን አፍሮሞትስ በተሰኘው የአፍሪካ የእሳት እራቶች የመረጃ ቋት ማረጋገጥ ይገባል።

6. አባጨጓሬውንና ዛፉን መመዝገብ

ከፎቶግራፍ ይልቅ የበለጠ አስተማማኝ መንገድ አባጨጓሬውን ከሚበላው ዛፍ ጋር አግኝቶ እስከ ጉልምስነቱ ማሳደግ ነው። ዛፉ በራሱ ማስረጃ ነው፤ የኤፒፎራ ባውሂኒዬ አባጨጓሬ ቁርቁራ በሚመደብበት የዛፍ ወገን ላይ ይመገባል፣ ቡኔያ አልሲኖይ ደግሞ ብሳናና ሎል የሚመደቡባቸውን ወገኖች ጨምሮ ብዙ ዓይነት ዛፎችን ይበላል። የኋለኛው አባጨጓሬ ጥቁር ሆኖ ነጣ ያሉ እሾሃማ ጉጦችና በጎኑ ቀያይ ነጠብጣቦች ስላሉት አያሳስትም።

ማሳደጊያው አየር የሚገባበት፣ በወንፊት ጨርቅ የተከደነ ሣጥን ሲሆን፣ ቅጠሉ በየቀኑ ከዚያው የዛፍ ዓይነት እንዲታደስ ያስፈልጋል። ቅጠል መቀያየር የተለመደ ስሕተት ነው፤ አባጨጓሬው ያልለመደውን ሳይነካ በረኃብ ይሞታል። ቡኔያና ዘመዶቹ መሬት ውስጥ ገብተው ሙሽሬ ስለሚሆኑ በሣጥኑ ግርጌ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል እርጥበት ያለው አፈር ይደረጋል፤ ኤፒፎራ ግን በቅርንጫፍ ላይ የሐር ሽፋን ስለሚሠራ ቀጫጭን ጭራሮ ይፈልጋል። በእራቱ ፈንታ ትናንሽ ተርቦች ወይም ዝንቦች ቢወጡ እነዚህ በአባጨጓሬው ውስጥ ያደጉ ጥገኛ ነፍሳት ናቸው፤ ሊጣሉ አይገባም፣ መዝገቡ ላይ ይጻፋሉ።

7. መለያውን በትክክል መጻፍ

ጥሩ ፎቶግራፍ ያለው ብዙ ሥራ ዋጋ የሚያጣው በዚህ ደረጃ ነው። በመጀመሪያ ቦታው፤ «እንፍራንዝ» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ያለችው ከተማ ትሁን ወይስ በባሕር ዳር አቅራቢያ ያለው ወንዝና ረግረግ፣ ኋላ የሚያነብ ሰው ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ ቀበሌው፣ በጂፒኤስ የተነበበው የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥር፣ እንዲሁም ከፍታው አብረው ይጻፋሉ።

ሁለተኛው ቀኑና ሰዓቱ ነው። ሰኔ 5 ለ6 አጥቢያ 2017 ዓ.ም. ከሌሊቱ 7 ሰዓት የተነሣ ፎቶግራፍ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ጁን 13 ቀን 2025፣ ከሌሊቱ 1:00 ሰዓት ይሆናል። የስልኩ ሰዓት በአንዱ፣ ማስታወሻው በሌላው አቆጣጠር ሲሆን የስድስት ሰዓት፣ ከፍ ሲልም የአንድ ቀን ልዩነት ይፈጠራል፤ ዓመቱ ያለ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ከተጻፈ ደግሞ ስሕተቱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይደርሳል። የበረራ ወራትን ለማወቅ የሚሰበሰብ መዝገብ በእንዲህ ያለ ስሕተት ጨርሶ ስለሚበላሽ፣ ሁለቱንም አቆጣጠሮች ጎን ለጎን መጻፍ ይገባል። ከዚህ ሌላ የመብራቱ ዓይነት፣ የአየሩ ሁኔታ፣ የተለካው የክንፍ ርዝመትና ካለ የተገኘበት ዛፍ ይመዘገባሉ።

8. ማረጋገጥና መቆም ያለበትን ማወቅ

የተሟላው መረጃ አይናቹራሊስት በተባለው የምልከታ መድረክ ላይ ሲጫን ከተለያዩ አገሮች ያሉ ባለሙያዎች አስተያየት ይሰጡበታል። መድረኩ በራሱ የሚጠቁመው ስም ግን ከምስል ንጽጽር የመጣ በመሆኑ እንደ ፍርድ አይወሰድም። በደረጃ 4 እና 5 ላይ ከተሰበሰቡት ምልክቶች አንዱ እንኳ ከተጠቆመው ስም ጋር ካልተስማማ ስሙ ይቀራል፤ ወገኑ ከታወቀና ዝርያው ካልታወቀ «ኤፒፎራ፣ ዝርያው ያልተለየ» ብሎ መጻፍ ትክክለኛ ውጤት ነው። በስሕተት የተሰጠ የዝርያ ስም ከዝርዝር ወደ ዝርዝር እየተገለበጠ ለዓመታት ስለሚዘልቅ፣ ከእርሱ ይልቅ በወገን ደረጃ የቆመ መዝገብ ለጣና ደኖች እጅግ ይጠቅማል።

አንዳንድ ወገኖች የሚለዩት በመራቢያ አካላቸው ቅርጽ ወይም በዘረ መል ምርመራ ብቻ ስለሆነ ናሙና ማስቀረት የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ይህ ግን በዩኒቨርሲቲ ወይም በምርምር ተቋም ኃላፊነት የሚከናወን ሥራ ነው። የሥነ ሕይወት ሀብት ናሙናን ለምርምር መውሰድና ወደ ውጭ አገር መላክ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃዱን የሚሰጠውም የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። በራሱ ሞቶ ከመብራት ሥር የተገኘ እራት ከነመለያው በደረቅ የወረቀት ፖስታ ተቀምጦ፣ ጉንዳንና ሻጋታ ሳይደርስበት ወደ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕይወት ትምህርት ክፍል ቢወሰድ፣ ሕያው እራት መግደል ሳያስፈልግ ለማመሳከሪያ ሊያገለግል ይችላል። በፕላስቲክ ከረጢት ማስቀመጥ ግን እርጥበቱ ስለማይወጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ናሙናውን ያበላሸዋል።